ከነዳጅ ፍለጋ ሰፈር እስከ ዓሣ ነባሪ ቆጠራ

በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ፖይንት ባሮው አካባቢ፣ በኅዳር የጠለቀች ፀሐይ እስከ ጥር ተመልሳ አትወጣም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወደዚህ አገር የመጣው ነዳጅ ፍለጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ለመርከቦቹ መጠባበቂያ እንዲሆን የተከለለውን ሰፊ መሬት በ1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ መቆፈር ጀመረ። በ1947 ደግሞ የባሕር ኃይሉ የምርምር ቢሮ በዚያው የነዳጅ ፍለጋ ሰፈር፣ በቆርቆሮ ቤቶች መካከል፣ የአርክቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ከፈተ። ከሶቪየት ኅብረት ጋር ያለው ፍጥጫ እየከረረ ሲሄድ፣ በሁለቱ ኃያላን መካከል ያለው አቋራጭ በአርክቲክ በኩል ስለሚያልፍ ብርዱንና በረዶውን ማወቅ የጦር ጉዳይ ሆኖ ነበር።

የመጀመሪያው ዳይሬክተር የፊዚዮሎጂ ሊቁ ሎረንስ ኧርቪንግ ነው። እሱና ባልደረባው ፐር ሾላንደር የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ቀበሮ በዚያ ብርድ እንዴት ይኖራል? የአርክቲክ እንስሳትን ከፓናማ እንስሳት ጋር አስተያዩ። በ1950 የታተመው ውጤታቸው እንደሚያሳየው የሁለቱም ወገን የሰውነት ሙቀት ተቀራራቢ ነው። የሚለያቸው ፀጉሩ ነው። የሞቃት አገሩ እንስሳ አየሩ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲልበት ሰውነቱ ተጨማሪ ሙቀት ለማመንጨት ይገደዳል፤ ነጩ ቀበሮ ግን ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ይህ ነው የሚባል ተጨማሪ ጉልበት አያወጣም። ይህ ሥራ ዛሬም በፊዚዮሎጂ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

በማክስ ብሩወር የሚመራው ዘመን (ከ1956 እስከ 1971) ላቦራቶሪው በጣም የሰፋበት ነው። ብሩወር ራሱ ወደ 400 ሜትር በሚደርሰው፣ ዓመቱን ሙሉ በማይቀልጠው የከርሰ ምድር በረዶ ውስጥ ሙቀት ይለካ ነበር። የእሱ የ1950ዎቹ ልኬት ባይኖር ኖሮ መሬቱ ምን ያህል እንደሞቀ ዛሬ ማነጻጸር ባልተቻለ። ተንሳፋፊ የበረዶ ደሴቶችም ላይ ጣቢያ ተተክሏል። አርሊስ ሁለት የተባለው በ1961 ሰዎች ከሰፈሩበት በኋላ ከአላስካ ወገን ተነሥቶ አርክቲክን አቋርጦ፣ በ1965 በግሪንላንድና በአይስላንድ መካከል ወዳለው ባሕር ሲቃረብ ለቀውት ወጡ።

እዚህ ላይ መነገር ያለበት አለ። ይህን ሁሉ ያስቻሉት የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑፒያቶች ናቸው፤ በረዶው የት እንደሚሰነጠቅ የሚያውቁት፣ የሚጠግኑት፣ የሚነዱት። ተኩላዎቹንና ድቦቹን ይንከባከብ የነበረው ፒት ሶቫሊክ ስለ እንስሳት ያለው እውቀት ከየዩኒቨርሲቲው የመጡትን ያስደንቅ ነበር። የኢኑፒያቶቹ ስም ግን በጥናቶቹ ሽፋን ላይ እምብዛም አይገኝም።

የእውቀታቸው ክብደት በግልጽ የታየው በዓሣ ነባሪው ክርክር ነው። በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ቦውሄድ የተባለው ዓሣ ነባሪ ሊያልቅ ነው ብሎ አደኑን አገደ፤ ቀጥሎም ለ1978 ለአላስካ ነባር ሕዝቦች አዳኞች ሁሉ በድምሩ 12 ብቻ ፈቀደ። ቆጣሪዎቹ የሚቆጥሩት ከዳር ቆመው በክፍቱ ውኃ ሲያልፍ ያዩትን ነበር። አዳኞቹ ተቃወሙ፦ ዓሣ ነባሪው ከበረዶው ሥርም ይሄዳል፤ በጭንቅላቱ በረዶውን ሰብሮ ይተነፍሳል፤ ከዓይን ርቆም ያልፋል አሉ። በላቦራቶሪው ይሠራ የነበረው ቶማስ አልበርት ቃላቸውን ሊፈተሽ እንደሚገባ ሐሳብ ወሰደው።

ባሕር ኃይሉ ግን ክርክሩ ሳይቋጭ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጣቢያውን ዘጋ። ከነዳጅ ግብር ገቢ የሚያገኘው የኢኑፒያቶቹ የአካባቢ መስተዳድር ምርምሩን ተረከበ፤ አልበርትም ወደዚያው ተዛወረ። በውኃ ውስጥ የተዘረጉ ማይክሮፎኖች ከበረዶው ሥር የሚያልፉትን ዓሣ ነባሪዎች ድምፅ ቀዱ። በ1977 ከ600 እስከ 2,000 ይገመት የነበረው ቁጥር በ1993 ወደ 8,000፣ በ2001 ደግሞ ከ10,000 በላይ ሆነ፤ ከፊሉ በእርግጥ ስለተባዙ፣ ከፊሉ ደግሞ ቀድሞም ስላልታዩ ነው። ኮታውም ከፍ ብሎ፣ ከ1998 ጀምሮ በዓመት እስከ 67 ጊዜ እንዲወጉ ተፈቅዷል።