የመተማ ገበያና የመንገድ ወዳጆች ምክር

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋና በወኽኒ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው ጥንታዊ የንግድ መንገድ የደጋውን ብርድ ከኋላው ትቶ፣ በጓንግና በሽንፋ ወንዞች መካከል ያለውን ሞቃት ሜዳ አቋርጦ መተማ ይደርሳል። የታሪክ ጸሐፍት የዚህን ቦታ ስም በሚያነሡበት ጊዜ ሁሉ ብዕራቸው ወደ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ይሮጣል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበት መሬት ነውና አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ከጦርነቱ በፊትም ሆነ በኋላ ሠፊው ሕዝብ መተማን የሚያውቃት በገበያዋ ነበር፤ በገበያዋም ከሸቀጡ እኩል ሲለዋወጥ የኖረው ወሬና ምክር ነው።

ከደጋ ቡና፣ ሰም፣ ማር፣ ዝባድና ወርቅ ይወርዳል። ከቆላው ጥጥ፣ ከሱዳን በኩልም ጨርቅና ዶቃ ይወጣል። ይህን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች በዘርም፣ በቋንቋም፣ በሃይማኖትም የተለያዩ ነበሩ። ከጎንደር አዲስ ዓለም ሠፈር የሚነሡ ሙስሊም ነጋዴዎች፣ ጀላባ የሚባሉት የሱዳን ነጋዴዎች፣ የአካባቢው ነባር የጉሙዝ ሕዝብ፣ እንዲሁም ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ ካለው ምዕራብ አፍሪቃ ለመካ ጉዞ ተነሥተው በመንገድ የቀሩት ተክሩሮች በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኙ ነበር። ተክሩሮቹ በገላባት የራሳቸውን አለቃ አቁመው፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ለግብፅም ለኢትዮጵያም ይገብሩ ነበር። ለሁለት ጌታ የሚገብር ሕዝብ የሁለቱንም ቤት ወሬ ማወቅ ግዴታው ነው።

እነዚህ ሰዎች ዘመዳሞች አልነበሩም፤ ብዙዎቹም አንዱ የሌላውን ቤት አይቶ አያውቅም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ይገናኛሉ፤ ክረምት ገብቶ ወንዞች ሲሞሉ ይለያያሉ። ወዳጅነታቸው የገበያና የመንገድ ወዳጅነት ነው። ነገር ግን በቆላ የሰው ሕይወት የሚንጠለጠለው በዚህ ቀጭን ወዳጅነት ላይ ነበር። የቱ ጉድጓድ ውሃ እንዳለው፣ ጓንግን በየትኛው መሻገሪያ ማለፍ እንደሚቻል፣ ሽፍታ የቱ ዘንድ እንደታየ፣ ቀረጥ ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚጠይቅ ያልጠየቀ ነጋዴ ሸቀጡን ብቻ ሳይሆን ነፍሱንም ሊያጣ ይችላል። ከሁሉ የከፋችው ወባ ናት። ደገኛው ዝናቡ እንዳባራ በመስከረምና በጥቅምት ወደ ቆላ ከወረደ የሚጠብቀው ንዳድ ነበርና፣ መቼ መውረድ፣ መቼ መመለስ እንደሚገባ የሚናገረው የልምድ ቃል ከማንኛውም የጽሑፍ ትእዛዝ ይበልጥ ይከበር ነበር።

ስለ ገንዘብም ምክሩ የረቀቀ ነበር። በገበያው የሚሠራበት ማርያ ትሬዛ የተባለው የኦስትሪያ ብር ሲሆን፣ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም የ1780 (እ.ኤ.አ.) ዓመተ ምሕረት እንደያዘ መመታቱን ቀጥሏል። ተቀባዩ በራስ ጌጧና በትከሻዋ መርፌ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ቆጥሮ፣ የተላጨ ወይም ያረጀ ከመሰለው ይመልሰዋል። ምልክቱን የማያውቅ አዲስ መጭ ከሚያውቀው ይማራል፤ ትምህርቱን የሚሰጠው ትምህርት ቤት የለም፤ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ መቀመጥ ነው።

የዚህ የምክር ልውውጥ ፍሬ ከአገር ውጭ የደረሰበት አንድ ጊዜ አለ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወደ ስናር ሲሄድ በ1764 ዓ.ም. (በ1772 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ) ራስ ፊል በሚባለው በዚሁ የቆላ ግዛት ለጥቂት ወራት ቆይቷል። በዚያም በብርቱ ተቅማጥ ታሞ ሳለ የአገሩ ሰዎች የዋጊኖስን ሥር መከሩት፤ ወስዶም ዳነ። ዘሩን ይዞ ሄደ፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም ተክሉን በእርሱ ስም ብሩሲያ ብለው መዘገቡት። ዛሬም የዕፀዋት መጻሕፍት የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። ሥሩን የለዩት፣ መጠኑን የሚያውቁት፣ ለማያውቁት እንግዳ ያለ ዋጋ የነገሩት የቆላ ሰዎች ግን በስሙ ውስጥ የሉበትም። በሰፊው ሕዝብ ዕውቀት ላይ ሌላው ስሙን የሚጽፍበት ይህ ዓይነቱ ነገር በብሩስ የተጀመረም፣ በብሩስ ያበቃም አይደለም።

ገበያውን ከዚህ በላይ ማሞገስ ግን እውነትን መደበቅ ይሆናል። በዚያው ሜዳ ሰው ይሸጥ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በገላባት በኩል ሲያልፍ ከኢትዮጵያ ደቡብ የመጡ ልጃገረዶች በባሪያ ነጋዴዎች ግቢ ለሽያጭ ቀርበው አይቷል። ስለ ውሃው፣ ስለ ንዳዱና ስለ ብሩ ነጠብጣብ ሁሉም ሲመካከር፣ የእነዚህን ልጆች አሳብ የጠየቀ አልነበረም። ስለ እነርሱ የተነገረው ዋጋቸው ብቻ ነው።

ከ1870ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ወሬው የጦር ወሬ ሆነ። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገላባትን መቱ። በማግሥቱ ዓመት በጥር 1880 ዓ.ም. የማህዲስቶቹ አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ንጉሡን ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። ነጋዴ ሲመካከርበት የኖረው መንገድ የሠራዊት መንገድ ሆነ፤ ወኽኒና ጭልጋም የገበያ ሳይሆን የዘመቻ ስሞች ሆኑ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በዘኪ ጠመል የተመሸገውን ዘሪባ ገጠሙ። የኢትዮጵያ ሠራዊት ዘሪባውን ጥሶ ገብቶ ድሉ በእጁ ሊሆን በተቃረበበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱን የወሰነው ጠመንጃ አልነበረም። «ንጉሡ ተመቱ» የሚለው ቃል ከሰው ወደ ሰው፣ ከጭፍራ ወደ ጭፍራ ተላለፈ፤ ሠራዊቱም ያሸነፈውን ሜዳ ትቶ ወደ ኋላ አለ። የንጉሡን አስከሬን ይዘው ያፈገፈጉትን የማህዲስት ጦር ጓንግ አጠገብ ደረሰባቸው፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። ወሬ በዚያ አገር ሰው እንደሚያድን ሁሉ ሠራዊትን ሊበትን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል ገላባትን ለሱዳን፣ መተማን ለኢትዮጵያ አደረገ። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር አንድ ትንሽ ወንዝ ነው፤ በበጋ ጊዜ በእግር ይሻገሩታል። በካርታ ላይ ሁለት መንግሥት፣ በሜዳው ላይ አንድ ገበያ ሆነው ቀጠሉ።

የጣልያን ፋሽስት ወረራ በመጣ ጊዜ ይህ የቆየ ትውውቅ ለነፃነት ትግሉ አገልግሏል። የአርማጭሆ፣ የጭልጋና የቋራ አርበኞች በሱዳን በኩል መልእክት ይልኩና ይቀበሉ ነበር። ጣልያኖች በሰኔ 1932 ዓ.ም. ገላባትን ያዙ። በነሐሴ ወር ኮሎኔል ሳንፎርድ አርበኞችን ለማስተባበር ድንበሩን አቋርጠው ወደ ጎጃም አለፉ። በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና የሕንድ ጦር ገላባትን መልሶ ሲይዝ መተማን ግን ሊይዝ አልቻለም።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በተለይም ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ፣ ሰሊጥና ጥጥ የሚያመርቱ ሠፋፊ እርሻዎች በሁመራና በመተማ ተስፋፉ። በአረምና በአጨዳ ወቅት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ወዝ አደር ከደጋ ይወርዳል። አዲሱ መንገደኛ ነጋዴ አይደለም፤ የሚሸጠው ጉልበቱን ነው፤ የሚጠይቀው ግን የጥንቱን ጥያቄ ነው፦ የትኛው እርሻ ደመወዙን በወቅቱ ይከፍላል፣ የቱ ሠፈር ንጹሕ ውሃ አለው? ከወባ ሌላ ካላዛር የሚባለው ገዳይ በሽታ በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል። ሌሊት ግራር ሥር መተኛት ለዚህ በሽታ እንደሚያጋልጥ የሕክምና ጥናት አረጋግጧል። ይህን አንድ ቃል በጊዜ የሰማና ያልሰማ ሠራተኛ ከአጨዳው በኋላ አንድ ዓይነት ሆነው ወደ ቤታቸው ላይመለሱ ይችላሉ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሱዳናውያንና ከሱዳን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነርሱም ጋር የብዙ አገር ዜጎች፣ በገላባት በኩል ያንኑ ድንበር ተሻግረው መተማ ዮሐንስ ገቡ። ሻንጣቸውን መሬት ላይ አኑረው፣ ስማቸውን እንኳ ከማያውቋቸው ሰዎች ስለ ጎንደር መንገድና ስለ ገንዘብ ምንዛሪ ይጠይቁ ጀመር።