ከጀማ ማዶ፦ ማትሪክና ሙያ

ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጎ የሚመጣ መኪና ጀማ ወንዝ ድረስ ቁልቁል ወርዶ፣ ማዶውን ሽቅብ እየተጠማዘዘ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ይገባል። ከገጠር ቀበሌ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመጣ ልጅ ግን በእግሩ ነው የሚመጣው። በማዳበሪያ ከረጢት ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ቋጥሮ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር በተከራያት ጠባብ ክፍል እያበሰለ ሳምንቱን ይገፋል። ቤተሰቡ ከጎተራው ቀንሶ ኪራዩን የሚችለው ልጁ ማትሪክ እንዲያልፍለት ነው። ባያልፍስ? ለዚህ ጥያቄ የአገራችን ትምህርት ቤት መቶ ዓመት አልፎትም የረባ መልስ የለውም።

የችግሩ መነሻ ይታወቃል። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው ዳግማዊ ምኒልክም ሆነ በ1917 የተከተለው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ለመንግሥት ሥራ የሚሆን ቋንቋ አዋቂ እንዲያፈሩ ታስበው ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ኮተቤና ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ፤ በ1943 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። የተማረ ሰው ጥቂት፣ ባዶ ወንበሩ ብዙ ስለነበር ደብተር የያዘ ሁሉ ቢሮ መግባቱን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቆጠርነው።

ሙያ ማስተማር ሳይታሰብ ቀርቶ አይደለም። በ1950ዎቹ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንጨትና የብረት ሥራ፣ የንግድና የቤት አያያዝ ትምህርት ይዘው መጡ። በ1964 የተጠናቀቀው የትምህርት ሴክተር ጥናት አብዛኛው ልጅ አጭርና ለኑሮው የሚሆን ትምህርት እንዲያገኝ፣ ወደ ላይ የሚያልፈውም የተመጠነ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። መምህራንና ወላጆች «የድሃውን ልጅ መንገድ ሊዘጉበት ነው» ብለው ተነሡ፤ በየካቲት 1966 ዕቅዱ ከነአካቴው ታገደ። ወላጆቹ አልተሳሳቱም ባይ ነኝ፤ የሹም ልጅ ዩኒቨርሲቲ እየገባ የገበሬው ልጅ መዶሻ ይያዝ ሲባል ማን ዝም ይላል?

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም ያንኑ ስህተት በሌላ መልክ ደገመው። የ10ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱ ያማረለት ወደ መሰናዶ ሲያልፍ ያልሆነለት ቴክኒክና ሙያ ገባ። ሙያ የወደቀ ሰው ማረፊያ ሆነ።

በዚያው ዘመን፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይወርድ ነበር፤ አስተማሪው በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይታገሣል፣ ከክፍሉ አንድም ልጅ ሳይመልስ አመስግኖ ያልፋል። መብራት ከጠፋ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ጠመኔ የያዘው መምህር ጥግ ቆሞ ተመልካች ሆነ። ለዚህ በወጣው ገንዘብ ላቦራቶሪ መገንባት ይሻል ነበር።

ሒሳቡ የተወራረደው በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ኩረጃን ለመከላከል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ደረሰ። መሻሻል አለ፤ ቢሆንም ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት ማትሪኩን ሳያልፉ ይቀራሉ። በአማራ ክልል ደግሞ በ2015 ማብቂያ የተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለ11ኛና 12ኛ ክፍል የሙያ ዘርፎችን አካቷል። መጽሐፉ ላይ መልካም ነው፤ መሣሪያውና መምህሩ ከየት ይምጣ? ዓለም ከተማ መነሻ የሚሆን ነገር አላት። የካርል ሃይንዝ በም ሰዎች ለሰዎች ድርጅት የሠራው እናት ሆስፒታል እዚያው ነው፤ ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ጋር ያላት ወዳጅነትም ከ1986 ጀምሮ የዘለቀ ነው። ሆስፒታል ሐኪም ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ ጄኔሬተር የሚጠግን፣ ቧንቧ የሚዘረጋ፣ መዝገብ የሚይዝ ያሻዋል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከባለሙያው ሥር ሆኖ በሳምንት አንድ ቀን ቢሠራ፣ ሥራውም እንደ ፊዚክስ ውጤቱ ማርክ ቢያዝለት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሙያ ዘርፍ የመረጠ ልጅ ነገ ኢንጂነሪንግ ልማር ቢል በየት በኩል ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ ግን ገና ዘጠነኛ ክፍል ሲመዘገብ፣ አባቱ አጠገቡ ቆሞ እየሰማ፣ ሊነገረው ይገባል።