ባርጆ ሲርቅ

በቱርሚ ዙሪያ ባሉ የሐመር መንደሮች ጧት አሸር ቡና ይፈላና በቅል ይቀዳል። ሽማግሌው ቡናውን ተጎንጭቶ እፍ እያለ ይረጫል፤ ባርጆንም ይጠራል። ዝናብ ይምጣ፣ ከብት ይርባ፣ ልጅ ይደግ፣ በሽታ ይራቅ ይላል፤ የተቀመጡትም ይቀበሉታል። ባርጆ ጤናም በረከትም ዕድልም ነው፤ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለከብቱና ለማሳውም ያስፈልጋል።

ይህን እምነት ለውጭ ሰው አብራርቶ የተረከው ባልዳምቤ የተባለ የሐመር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ሐመር የመጡት ጂን ላይዳልና ኢቮ ስትሬከር ትረካውን በቴፕ ቀድተው፣ በ1979 በስሙ በተሰየመ መጽሐፍ አወጡት። ብዙዎቻችን ሐመርን የምናውቀው በከብት ዝላዩና በጅራፉ ነው። ስለ ጤና ያላቸው አስተሳሰብ ግን ከዝላዩ ባልተናነሰ ሊጠና የሚገባው ነው።

በዚህ አስተሳሰብ ሕመም የአንድ ሰው አካል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ባርጆ ሲርቅ ሰው ይታመማል፣ ከብት ያልቃል፣ ሰማዩም ይነጥፋል። ስለዚህ የት ጋ እንደሚያም ከመጠየቅ አልፎ ማን እንደተቀየመ፣ የትኛው ሥርዓት እንደጎደለ ይጠየቃል። ፍየል ታርዶ አንጀቱ ይነበባል።

ይህ መንገድ እጅግ የከፋ ዋጋም አስከፍሏል። የላይኛው ጥርሳቸው ቀድሞ የበቀለ ሕፃናት ሚንጊ ተብለው፣ ለድርቁና ለበሽታው ምክንያት ተደርገው ሕይወታቸውን አጥተዋል። የሐመር ጎረቤቶች የሆኑት ካሮዎች ልማዱን እ.ኤ.አ. በ2012 በይፋ አስቀርተዋል።

የሆነ ሆኖ ሽማግሌዎቹ ስለ ቅያሜ የሚያነሡት ጥያቄ አብሮ መጣል የለበትም። አንድ የዘመኑን መመርመሪያ ከዚህ ጥያቄ ጋር እናስተያይ። የዓለም ጤና ድርጅት ጭንቀትንና ድብርትን ለመለየት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ በአገራችንም ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ውሏል። ኔዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲፈትሸው፣ መላሾች ጥያቄዎቹን አዘጋጆቹ ካሰቡት በተለየ መንገድ እንደሚረዷቸው አይቷል። መጠይቁ በራስ ምታት ይጀምራል፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እጅ መንቀጥቀጥና ስለ ሆድ ሕመም ይጠይቃል። በዚህ በኩል ለገጠሩ ሰው ቅርብ ነው፤ ጭንቀት በአካል እንደሚናገር አውቆ የተዘጋጀ ነውና። ስለ ጠብ፣ ስለ እርግማን ወይም ስለ ቀረ ሥርዓት የሚጠይቅ ግን ከ20ዎቹ አንድም የለም።