ሩቅን ለማየት ቅርብን ማወቅ፤ የአባ ጎርጎርዮስ ጉዞ ከቤተ አማራ እስከ ጎታ

አበው ስለ ስደት ከተናገሯቸው ምሳሌያዊ አነጋገሮች ሁሉ መራራው «ካገር የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» የሚለው ይመስለኛል። አባባሉ በዘፈቀደ የተፈጠረ አይደለም። መሬት የኑሮ መሠረት በሆነበት፣ ሰው በርስቱ፣ በዘመዱና በዋሱ በሚታወቅበት ኅብረተሰብ ውስጥ ከቀዬው የወጣ ሰው ቃሉን የሚያምንለት፣ በደሉን የሚመሰክርለት አልነበረም። ሆኖም ሕዝባችን ከዚህ ጎን ሌላ አባባል አስቀምጧል፦ «የማያውቁት አገር አይናፍቅም»። ይህ አነጋገር ዘወትር የሚጠቀሰው ስለ ባዕድ አገር ነው። ልብ ብለን ካየነው ግን ስለ ገዛ አገራችንም ይናገራል፤ ተወልዶ ያደገበትን ምድር የማያውቅ ሰው ርቆ ሲሄድ የሚናፍቀው፣ ሲጠየቅም የሚናገረው ነገር አይኖረውምና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል የቆመ የአንድ ኢትዮጵያዊ ተጓዥን ታሪክ መመርመር ነው።

ሰውየውን ያበቀለውን ምድር አስቀድመን እንይ። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ የለጋምቦን ብርዳማ ደጋ አቋርጦ መካነ ሰላም ይደርሳል። ከላላ፣ ወግዲ፣ ቦረናና ሳይንት የሚባሉት ወረዳዎች የሚገኙት በዚሁ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ነው። ደጋው ገብስ ያበቅላል፣ በግ ያረባል፤ በምዕራብ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ግን ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከማዶም የጎጃም ምድር ይታያል። ወሎ የሚለው ስም ከመስፋፋቱ በፊት ይህ አገር የጥንቱ የአማራ አውራጃ፣ በተለምዶ ቤተ አማራ የሚባለው ክፍል ነበር።

በቤተ አማራ ከነበሩት ስመ ጥር አብያተ ክርስቲያናት አንዱ መካነ ሥላሴ ነው። ስሙ ከዛሬው የመካነ ሰላም ከተማ ስም ጋር ቢቀራረብም ሁለቱ መደባለቅ የለባቸውም። ሥራውን ዐፄ ናኦድ ጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ፈጸሙት። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የናኦድ ዐፅም ወደዚያ ሲፈልስ ተገኝቶ ሁኔታውን በመጽሐፉ አስፍሮታል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ከስፍራው በደረሰ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠለ። የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ እንደሚተርከው፣ ኢማሙ በወርቁና በሥዕሉ ተደንቀው እንዲህ ያለ ሕንፃ በሌላው ዓለም ይገኝ እንደሆነ አብረዋቸው የዘመቱትን ዓረቦች ሲጠይቁ፣ አቻውን እንዳላዩ መልሰውላቸዋል። ይህን ውበት ያስገኘው ወርቁን የሰጠው ንጉሥ ብቻ አልነበረም፤ ድንጋዩን የፈለጠው፣ እንጨቱን የተሸከመውና ግብሩን የገበረው ሰፊው ሕዝብ ጭምር ነው። ይሁንና የዚህን ሕንፃ መልክ ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ከሩቅ በመጡ ሰዎች ብዕር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ከዚህ ምድር ጋር ስማቸው የተያያዘ ሁለት ዓይነት ተጓዦችን ታሪክ ያስታውሰናል። አንዱ የቅርብ ተጓዥ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ባሕር አልተሻገሩም። ለትምህርት የሄዱት በዚያው በወሎ ምድር ወደሚገኘው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ገድላቸው እንደሚለው በዚያ ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው ለዓመታት እህል እየፈጩ መነኮሳቱን አገልግለዋል። በኋላ ግን «መጽሐፈ ምሥጢር»ን የመሰለ ታላቅ ድርሰት በ1424 ለመፈጸም በቁ። ጉዞ በእርምጃ ብዛት ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ የጊዮርጊስ መንገድ አጭር በተባለ ነበር። በሥራቸው ስንለካው ግን በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እንደ እርሳቸው ርቀው የሄዱት ጥቂቶች ናቸው።

ሁለተኛው የሩቅ ተጓዥ ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ። እኒህ ሰው የተወለዱት በ16ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ገደማ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከተቃጠለ ከሁለት ትውልድ ያህል በኋላ፣ በዚያው በመካነ ሥላሴ ነው። ያደጉት አገሪቱ በሃይማኖት ክርክርና በእርስ በርስ ጦርነት በምትናጥበት ዘመን ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል ባስገደዱ ጊዜ የፈሰሰው ደም በታሪካችን የታወቀ ነው። በ1632 ዐፄ ፋሲለደስ ሲነግሡ ነገሩ ተገለበጠ፤ የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚስዮናውያንም ተባረሩ። ለእነርሱ ቀርበው የነበሩት ጎርጎርዮስም ከአገር ወጡ። እንግዲህ ጉዟቸው ዓለምን ለማየት በመሻት የተጀመረ የውዴታ ጉዞ ሳይሆን ስደት ነበር። ምሳሌያዊው አነጋገር እንደሚለውም ለመጫንም ሆነ ለመለጎም የተጋለጡ ሰው ሆኑ።

በ1649 ጎርጎርዮስን የምናገኛቸው ሮማ ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው በኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። በዚያ ዓመት ከጀርመን አገር ከኤርፉርት ከተማ የመጣ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ደጃቸውን መታ። ሉዶልፍ ግእዝን በአውሮፓ ከታተሙ ጥቂት መጻሕፍት በራሱ ጥረት ተምሯል፤ ነገር ግን የሚያርመው፣ የሚያስረዳው፣ የቃሉን ሕይወት የሚያሳየው ሰው አልነበረውም። ጎርጎርዮስ ያን ጉድለት ሞሉለት። ግእዙን አቀኑለት፤ ከዚያም አልፈው ገበሬውና ነጋዴው፣ ንጉሡና አገልጋዩ የሚነጋገሩበትን አማርኛ አስተማሩት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1652፣ የሳክስ ጎታ መስፍን ኤርንስት ጎርጎርዮስን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጋበዛቸው። ጀርመን ሠላሳ ዓመት ከፈጀው የሃይማኖት ጦርነት ከወጣች ገና አራተኛ ዓመቷ ነበር። የመስፍኑ ፍላጎትም ከእውቀት ፍቅር ብቻ የመነጨ አልነበረም፤ ከሮማ ሥልጣን ውጭ ስለኖረች ጥንታዊት የክርስቲያን አገር ማወቅ ለፕሮቴስታንቱ ወገን የራሱ ጥቅም ነበረው። የሆነው ሆኖ በዚያ በጋ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ውስጥ የተከናወነው ነገር እንግዳ ነው። በዚያ ዘመን አፍሪካውያን በሺህ እየታሰሩ በባርነት በመርከብ ይጫኑ ነበር። በጎታ ግን ጠያቂዎቹ አውሮፓውያን፣ መላሹ ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ሆኑ። ስለ አገሩ አቀማመጥ፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ እንስሳቱና ስለ ሕዝቡ አኗኗር ተጠየቁ፤ መለሱም።

ከመልሶቻቸው አንዱን ብቻ እንመልከት። የዓባይ ነገር አውሮፓን ከግሪኮች ዘመን ጀምሮ ሲያነጋግር የኖረ እንቆቅልሽ ነበር። ጎርጎርዮስ ወንዙ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እንደሚከብ፣ አማራንና ወለቃን በግራው እየተወ እንደሚያልፍ ለሉዶልፍ አስረዱት። ይህን ለማወቅ የኮከብ መለኪያም ሆነ የተሳለ ካርታ አላስፈለጋቸውም። በቦረናና በወግዲ ጠርዝ ላይ ከብት የሚጠብቅ እረኛ ዘወትር የሚያየው፣ ቁልቁል ወርዶ ወደ ጎጃም ገበያ የሚሻገር ነጋዴ በእግሩ የሚያውቀው ነገር ነው። በጎታ አዳራሽ ውስጥ ግን የእረኛውና የነጋዴው እውቀት ለሊቃውንት ትምህርት ሆነ።

ጎርጎርዮስ አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ የተሳፈሩባት መርከብ በእስክንድሮን አቅራቢያ ተሰብራ ሰጠሙ። ያስተማሩት ግን አብሯቸው አልሰጠመም። ሉዶልፍ በ1661 የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1691 የታሪኩን ሰፊ ማብራሪያ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ–ላቲን መዝገበ ቃላት አሳተመ። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት የሚባለው የትምህርት ዘርፍ መሠረት የተጣለው በእነዚህ መጻሕፍት ነው። ሉዶልፍ የጎርጎርዮስን ውለታ አልካደም፤ አማርኛን ከእርሳቸው መማሩን በግልጽ መስክሯል። ሆኖም በመጻሕፍቱ ርእስ ገጽ ላይ በደራሲነት የሚነበበው የተማሪው ስም እንጂ የመምህሩ አይደለም። መጻሕፍቱም የተጻፉት በላቲን ነበርና የቤተ አማራ ሰው ስለ ራሱ የተባለውን ማንበብ አይችልም ነበር።

ታዲያ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? «ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» የተባለው በጎርጎርዮስ ላይ በከፊል ደርሷል፤ በከፊል ግን አልደረሰም። ስደተኛ ነበሩ፤ በሰው እጅ አድረዋል፤ የድካማቸውን ፍሬም በዓይናቸው አላዩም። ግን መምህር ሆነው ቆሙ። ያቆማቸው ወርቅ ወይም ዘመድ አልነበረም፤ አገራቸውን በቃላቸው ይዘው መሄዳቸው ነው። ከዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከደቡብ ወሎ ወረዳዎች በርካታ ወጣቶች እንጀራ ፍለጋ ወደ ዓረብ አገሮች ይሰደዳሉ። ለእነርሱ አገር ማወቅ ብቻውን ጋሻ ይሆናቸዋል ማለት ፌዝ ነው፤ የሚጠይቃቸው መስፍን የለም፤ የሚፈለገው ጉልበታቸው እንጂ አንደበታቸው አይደለምና። ይሁን እንጂ እነርሱም ያዩትን ይዘው ይመለሳሉ። ያዩትን የሚጠይቃቸው፣ የሚጽፈው፣ ለኪነ ጥበብ የሚያውለው ከሌለ የእነርሱም እውቀት እንደ ጎርጎርዮስ መርከብ ከጠረፉ ሳይደርስ ይሰጥማል።

ይህ የመምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው የሥራ ድርሻ ነው። የከላላ ተማሪ የራይንን ወንዝ ከካርታ ላይ ማሳየቱ መልካም ነው፤ ወለቃ ከየት ተነሥቶ ከዓባይ እንደሚገናኝ ቢጠየቅ ግን ዝም ማለት የለበትም። የመካነ ሰላም ልጅ ስለ ሮማ ሥዕሎች መማሩ ተገቢ ነው፤ ጋሥጫን ሳያይ ትምህርቱን ቢፈጽም ግን ጉድለቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። ተውኔት ጸሐፊም የጎታውን አዳራሽ ወደ መድረክ ሊያመጣው ይችላል፦ በአንድ ወገን መስፍኑና ሊቃውንቱ ከነጥያቄያቸው፤ በሌላው ወገን ከአገሩ የተባረረ፣ በእጁ ምንም ያልያዘ መነኩሴ።

ያ ተውኔት ቢታይ ተመልካቹ ጥያቄዎቹ ለእርሱም መቅረባቸው አይቀርም። ከሰፈርህ በላይ ያለው ተራራ ስሙ ማን ነው? ከሥሩ የሚመነጨው ውሃ ወደየት ይፈሳል? አያቶችህ የሠሩት ምን ነበር፤ ማንስ አፈረሰው? አባ ጎርጎርዮስ ከአገራቸው ወጥተው ብዙ ዓመታት ከቆዩ በኋላ ለእንዲህ ያሉ ጥያቄዎች መልስ አላጡም። እኛ በአገራችን ላይ ቆመን መልሱን ብናጣ ግን ከሁለታችን ስደተኛው ማን ሊባል ነው?