የወንድሜ ሰባት እረፍት

በልጅነቴ በደጋ ዳሞት ገጠር መንገድ በኪሎ ሜትር አይለካም ነበር። ፈረስ ቤት ከተማ ምን ያህል እንደሚርቅ ለጠየቀ «ማለዳ ከወጣህ ፀሐይ ሳይበረታ ትደርሳለህ» ይባል ነበር። እናቴ ግን ለታላቅ ወንድሜ ሌላ መለኪያ ነበራት፤ እረፍቱን ትቆጥር ነበር። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሰባት ጊዜ ይቀመጣል። ዘጠኝ ጊዜ ከተቀመጠ በማግስቱ አትልከውም።

ግራ እግሩ የሰለለው ገና ዳዴ ሲል፣ በልጅነት ልምሻ ነው። የአገሪቱ መደበኛ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ለእሱ አልደረሰለትም። ጎረቤት «ምች ነው» አለ፤ ጸበል ተወሰደ፤ አባቴ የወይራ ምርኩዝ ቆረጠለት። መናገሻ ላይ እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው ቼሻየር የተባለ ድርጅት ልምሻ የመታቸውን ልጆች ይረዳ ነበር፤ እኛ ቤት ወሬው አልደረሰም። ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ መምህሩ «ሰነፍ» አሉት። አምስተኛ ክፍል ላይ አቋረጠ።

እናቴ ባታውቀውም፣ የእርምጃን ድካም መለካት የቆየ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ዳግላስ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ የሰው ትንፋሽ የሚጠራቀምበት፣ በጀርባ የሚታዘል ከረጢት ሠራ፤ ከዚያ አየር ሰውነት የተጠቀመው ኦክስጅን ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ማክግሬጎር የተባለ ተመራማሪ ከረጢት የማይፈልግ ስሌት አመጣ። ሲራመዱ ከሚቆጠረው የልብ ምት የእረፍቱ ምት ይቀነሳል፤ ቀሪው በደቂቃ ለተሄደው ሜትር ይካፈላል። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ ጥናት ለጤነኛ ልጆች በሜትር ወደ 0.4 ምት አገኘ። እንግዲህ ቁጭ ሲል 90፣ ሲራመድ 150 የሚመታ፣ በደቂቃ 40 ሜትር የሚሄድ ልጅ ውጤቱ 1.5 ነው። ለእያንዳንዷ ሜትር ከእኩያው ሦስት እጥፍ በላይ ይከፍላል ማለት ነው።

የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ሆኜ ይህን ስሌት ሳይ እናቴን አሰብኩ። ፊደል አልቆጠረችም፤ የልጇን ድካም ግን በትክክል ትለካ ነበር። ወንድሜ ሰነፍ አልነበረም። ክፍል የሚደርሰው የቀኑን ጉልበት መንገድ ላይ ጨርሶ ነው።

የፈረስ ቤትና የአካባቢው መምህራን ሆይ፣ እያነከሰ የሚመጣ ልጅ ካላችሁ ሰዓትና 20 ሜትር የተለካ ገመድ ይበቃችኋል። መጀመሪያ አሳርፋችሁ የልብ ምቱን ቁጠሩ፤ ከዚያ በራሱ እርምጃ በገመዱ ርዝመት አምስት ደቂቃ አመላልሱትና ወዲያው እንደገና ቁጠሩ፤ የሄደውን ሜትር ለአምስት አካፍላችሁ ከላይ ባለው ስሌት አስሉ። የልብ ሕመም አለበት ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን አታስኪዱት፤ አስቀድሞ ሐኪም ይየው። የስሌቱ ውጤት ከ0.4 በብዙ ከፍ ካለ ለወላጆቹ ንገሩ፤ ወደ ሕክምናም ላኩት። እስከዚያው ዘግይቶ ሲገባ አትቆጡት።