ምስር፣ ሚጥሚጣና ጥቁር ቡና፦ በኔታንያ ገበያ የሚሰሙ ዘይቤዎች

ዘይቤ ማለት አንድን ቃል ከተለመደው ፍቺው አንስቶ ለሌላ ነገር ማዋል ነው። ብዙ ሰው ይህን የተማሪ ቤት ነገር አድርጎ ያየዋል። ሆኖም ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንትም ቢሆኑ ከቤታቸው ወጥተው ገበያ ደርሰው እስኪመለሱ በዘይቤ ሲናገሩ ይውላሉ፤ የማያውቁት ስሙን ብቻ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ስሙን በዕብራይስጥ ያጠናሉ፤ ምሳሌው በአያታቸው አፍ ላይ መኖሩን ግን አያውቁም።

ዓርብ ረፋድ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ የኔታንያ ገበያ ሲጨናነቅ ሐብሐብ ሻጩ "ድቫሽ! ድቫሽ!" እያለ ይጣራል። ማር ማለቱ ነው፤ ማር ግን አይሸጥም። "ሐብሐቡ እንደ ማር ይጣፍጣል" ቢል ተነጻጻሪ ዘይቤ ይሆን ነበር፤ በዕብራይስጥ "ዲሙይ" ይባላል። መለያው "እንደ" የሚለው ቃል ነው፤ በዕብራይስጥ "ክሞ"። "እንደ" ወድቆ ሐብሐቡ ራሱ ማር ሲሆን ተለዋጭ ዘይቤ፣ ማለትም "መታፎራ" ይሆናል። አማርኛ ለዚህ ከቅመም መደርደሪያው ብዙ አይርቅም። ቁጡና ፈጣን ልጅ "ሚጥሚጣ" ትባላለች፤ ለዛ የሌለው ሰው "አልጫ" ነው።

ቀጥሎ "ሃሞኸር ሂሽታጌአ!" የሚል ጩኸት ይሰማል፤ ሻጩ አብዷል ማለት ነው። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ዋጋ ቀንሻለሁ ሲል ነው። ይህ ግነት ይባላል፤ በዕብራይስጥ "ሃግዛማ"። ተራ ስትጠብቅ የቆየች እናትም "ቆሜ ቆሜ እግሬ አለቀ" ስትል ያው ግነት ነው። "ቲማቲም አልቀመስ አለ" ስትል ግን ቲማቲሙን እምቢ ባይ ሰው አድርጋዋለች፤ ይህ ሰውኛ ዘይቤ ነው፤ በዕብራይስጥ "ሃአናሻ"።

ችግሩ የሚጀምረው ቃሉ ሲገለበጥ ነው። ሻጩ ማንጎውን ከፍ አድርጎ "ሀቫል አል ሀዝማን!" ቢል፣ ቃል በቃል "ለጊዜው ያሳዝናል" ማለት ስለሆነ፣ የማይረባ ዕቃ መስሏቸው መልሰው የሚያስቀምጡ አይጠፉም። በመንገድ ቋንቋ ግን "ወደር የለውም" ማለት ነው። አማርኛም በዚህ አይታማም፤ "ጉድ" የሚለው ቃል ለመዓትም ለአድናቆትም ያገለግላል። "ጉደኛ ልጅ" ተመስጋኝ ይሁን ተወቃሽ የሚታወቀው ከተናጋሪው ድምፅ ነው። ቃሉ አንድ ብሎ ሐሳቡ ተቃራኒ ሲሆን፣ ለምሳሌ አርፍዶ የመጣውን ሰው "ምነው ዛሬስ ማለዳ መጣህ!" ሲሉት፣ ምፀት ይባላል፤ በዕብራይስጥም "ኢሮኒያ"።

ወጣቶቹ በስማቸው ሳይቀር ዘይቤ ይሠራሉ። ከኔታንያ የተነሱት የአጎት ልጆች የራፕ ሙዚቃ ቡድናቸውን "ካፌ ሻሖር ሀዛክ" ብለውታል፤ "ጠንካራ ጥቁር ቡና" ማለት ነው። ላይ ላዩን ሲሰሙት የሚጠጣው ቡና ነው። ቡናን ከጀበና ለሚያውቅ ቤተሰብ ግን ጥቁረቱም ጥንካሬውም ወደ ልጆቹ እንደሚዞር ለመገመት መምህር አያስፈልግም። (እስራኤላውያን ያን ቡና "ቦጽ"፣ ጭቃ፣ ይሉታል። እሱም መታፎራ ነው፤ ለቡና ግን ክብር አይደለም።)

ይህ ወደ ሰምና ወርቅ ያደርሳል። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ነው። አንጥረኛው የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። ሰም የሚሰማው ትርጉም፣ ወርቅ የተሸሸገው ትርጉም ነው። በብረት ቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ለኖሩ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች እሳቱም ጭቃውም እንግዳ አይደለም። ሁለቱን ትርጉም ተሸክሞ የሚሄደው ቃል ኅብረ ቃል ይባላል። ለምሳሌ በፋሲካ ሰሞን የእህል ነጋዴው "ምስር አትገዙም?" ቢል፣ አንድ ሽማግሌ "ምስርንማ ትተነው ወጣን" ቢሉት፣ ሰሙ የወጡ ምስር ነው። ወርቁን የሚያገኘው ግብፅ በድሮ መጻሕፍት "ምስር" እንደምትባል የሚያውቅ ነው።

የከተማዋ ስም ራሱ ቅኔ አለበት። ኔታንያ እ.ኤ.አ. በ1929 ስትቆረቆር የተሰየመችው ናታን ስትራውስ በተባለ አሜሪካዊ ነጋዴና በጎ አድራጊ ነው። "ናታን" በዕብራይስጥ "ሰጠ" ማለት ስለሆነ፣ ስሙ "ያህ ሰጠ" ተብሎም ይሰማል። ባለጸጋውም ፈጣሪም በአንድ ቃል ተመሰገኑ።

መልስ የማይሰጥን ነገር እንደሚሰማ ቆጥሮ ማናገር ደግሞ እንቶኔ ይባላል። በጎንደር መንደሮች ያደጉ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ ሽመላ በሰማይ ስታልፍ ልጆች ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት በዜማ ይጠይቋት ነበር።

ገበያ ላይ ዘይቤ ቢስቱ የሚቀረው አንድ ኪሎ ማንጎ ነው። በኩፓት ሆሊም፣ ሐኪም ፊት፣ ነገሩ ይከብዳል። አማርኛ ስሜትን በሰውነት ክፍል ይናገራል፦ "አንጀቴን በላኝ" ማለት አዘንኩለት፣ "ሆዴ ባባ" ማለት ለማልቀስ ደረስኩ ነው። "ልቤን ያቃጥለኛል" የሚሉ ብዙ ሰዎች ግን የሚያመለክቱት ጨጓራቸውን ነው። ሲያስተረጉም የመጣ የልጅ ልጅ ይህን ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ ቢመልሰው፣ ያዘነችው አያት ለሆድ ምርመራ፣ ጨጓራዋን ያመማት ለልብ ምርመራ ልትላክ ትችላለች። የባሰው ደግሞ እውነተኛ የልብ ሕመም "እንዲህ ማለት ልማዳቸው ነው" ተብሎ መታለፉ ነው።

ስለዚህ ከመናገር በፊት የሚያመውን ቦታ በእጅ ማሳየት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ መንገር ይበጃል። ሐዘን ከሆነ "አዝኛለሁ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ" ብሎ በግልጽ መናገር ነው። አባባሉ ካመለጠ ደግሞ ልጁን "ይህ መታፎራ ነው" ማለት ብቻ ይበቃል። ቃሉን ከክፍል ያውቀዋልና፣ ቃል በቃል መተርጎሙን ትቶ "ታዲያ ምን ማለትሽ ነው፣ አያቴ?" ብሎ ይጠይቃል።