በ58ኛው ዓመተ ሂጅራ የተሠራው ትንሽ ግድብ

ስለ ጥንታዊ ግድብ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው በሱረቱ ሰበእ የተወሳውን የመእሪብን ግድብ ነው። ያን ታላቅ ግድብ ከሐበሻ ወገን የነበረውና በዝሆኑ ዓመት ታሪክ የምናውቀው የየመን ገዥ አብረሃ በ548 እ.ኤ.አ. ገደማ አስጠግኖት ነበር። ይህንንም በድንጋይ ላይ አስቀርጾታል። ሆኖም ብዙ ዓመታት ሳይቆይ ግድቡ ለመጨረሻ ጊዜ ፈርሶ ቀረ።

ዛሬ የምናወሳው ግን አንድ ትንሽ ግድብ ነው። ከጣኢፍ ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ ሰይሰድ በሚባለው ስፍራ ይገኛል። ርዝመቱ 58 ሜትር፣ ከፍታው 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሲሚንቶም ሆነ ኖራ አልገባበትም። በሁለት ወገን ትላልቅ ድንጋዮች ተደርድረው መሐሉ በጠጠርና በድንጋይ ስብርባሪ ተሞልቷል። እነሆ ከአሥራ ሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆሟል።

ጣኢፍ በወይኗና በሮማኗ የታወቀች ደጋ ናት። ዝናቡ ግን አልፎ አልፎ ይመጣና ጎርፉ በሰዓታት ውስጥ ሸለቆውን ጠርጎ ያልፋል። ግድብ ሲኖር ውኃው ይገታል፤ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ጉድጓዶችን ያጎለብታል። ጎርፉ የተሸከመውም አፈር እዚያው ይቀራል።

በግድቡ አጠገብ ባለው ዓለት ላይ ስድስት መስመር የዐረብኛ ጽሑፍ ተቀርጿል። ግድቡ የአሚረል ሙእሚኒን ሙዓዊያ መሆኑን፣ በአላህ ፈቃድ የሠራው ዐብዱላህ ኢብኑ ሰኽር መሆኑን፣ ዘመኑም 58ኛው ዓመተ ሂጅራ (677/678 እ.ኤ.አ.) እንደነበረ ይገልጻል። በአንዳንድ ፊደላቱ ላይ ነጥብ ስላለበት የዐረብኛን አጻጻፍ የሚያጠኑ ሁሉ ይጠቅሱታል።

የጽሑፉ ቀሪ ክፍል በአብዛኛው ዱዓ ነው። አላህ ሙዓዊያን እንዲምረው፣ እንዲያጸናውና እንዲረዳው ይለምናል። ከሻም እስከ ግብፅ የሚገዛ ኸሊፋ ስሙ በተጻፈበት ድንጋይ ላይ አስቀድሞ የተለመነለት ምሕረት ነው። ሥልጣን ያልፋል፤ ውኃ የጠጣ ሰው ዱዓ ግን ይቀራል። ሰይዲና ዑስማን (ረ.ዐ.) የሩማን ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ለሙስሊሞች የሰጡትም ይህን ስለተረዱ ነበር።

ድንጋዩን ተሸክመው የደረደሩት ሰዎች ስም ግን በዓለቱ ላይ የለም። እኛ አናውቃቸውም፤ አላህ ያውቃቸዋል። በየመንደራችን ምንጭ ሲጎለብት፣ ኩሬ ሲቆፈር፣ ቧንቧ ሲዘረጋ ለምረቃው የሚሰበሰበው ብዙ ነው። ደለሉን ለመጥረግ፣ የተሰነጠቀውን ለመድፈን የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። ልጆቻችን ይህኛውም ሥራ ሰደቀቱ ጃሪያ መሆኑን ከእኛ ይማሩ። አንድ ጊዜ መገንባት ብቻውን አይበቃም፤ የተገነባውን መጠበቅም ዒባዳ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ስማቸው ባይጻፍም ሥራቸው ከሚጻፍላቸው ባሮቹ ያድርገን። ኣሚን።